ከኒሙ ሥር የተጠበቀችው ድንጋይ

አንዲት ልጅ ነበረች። ልትዳር ቀኗ ተቆርጧል። ሽማግሌ ተልኮ መጥቷል፣ እሺ ተብሏል፣ ድግሱም ታስቧል። እስቲ ንገሩኝ ምእመናን፤ እንዲህ ያለች ልጅ ምን ያሳስባታል? ቀሚሱ ነው? የጠላው መቅጠን ነው? ወይስ የሚዜዎቿ ነገር?

እሷን ያሳሰባት ጉልበት ነው። አትሳቁ፤ ጉልበት ነው ያልኩት። ሙሽራ ካደገችበት ቤት ስትወጣ ተንበርክካ የአሳዳጊዎቿን ጉልበት ትስም የለ? ተመርቃ ትወጣ የለ? ይህች ልጅ ልትስመው የሚገባት የሁለት ሰዎችን ጉልበት ነበር። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ አንድ ጣሪያ ሥር አይቀመጡም።

ትርንጎ ትባላለች። አገሯ ድሬዳዋ ነው፤ ሰፈሯም የባቡር ሠራተኞች ሰፈር። ዘመኑ የድሮው ባቡር ወደ ጅቡቲ እያፏጨ የሚወጣበት ዘመን ነው። እናቷ ገና ጡት ሳትጥል ነው ያረፈችባት። አባቷ ጥላዬ ባቡር ነጂ ነው፤ ኑሮው ሐዲድ ላይ ነው፤ ሲመጣ ከረሜላ፣ ሲሄድ እንባ። ያሳደጓት አያቷና የአባቷ ታናሽ ወንድም አስናቀ ናቸው። ፊደል ያስቆጠራት አስናቀ ነው። ስትታመም በትከሻው ተሸክሞ ሐኪም ቤት የሮጠው አስናቀ ነው። ታዲያ የማንኛውን ጉልበት ትተው? የወለዳትን ወይስ ያሳደጋትን?

ወንድማማቾቹ በምን ተጣሉ? በርስት አይደለም፤ በውርስም አይደለም። የተጣሉት በእናታቸው ቀብር ነው።

እናትየው፣ የትርንጎ አያት፣ አንድ ቀን ጠዋት አረፉ። የድሬዳዋን ሙቀት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ አገር ሬሳ አያድርም። ጥላዬ ባቡሩን ይዞ መንገድ ላይ ነው፤ መልእክት ተላከለት። ያን ዕለት ግን ጎርፍ ወርዶ ሐዲዱን ቆርጦታል። አስናቀ ጠበቀ። ቀባሪው ፀሐይ ላይ ቆሞ አስናቀ ጠበቀ። ጥላው ሲረዝም ካህናቱም ሽማግሌዎቹም «ልጄ፣ ከዚህ በላይ ነውር ነው» አሉት። እያለቀሰ ቀበራቸው። ጥላዬ በማግስቱ ልብሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ሲደርስ እናቱ አፈር ለብሰዋል።

ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ ጮኸበት።

«እናቴን ሳላያት ቀበርካት!»

«ጠብቄህ ነበር፣ ወንድምጋሼ።»

«አልጠበቅኸኝም! ብትጠብቀኝ እደርስ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም!»

በቃ። ያች ቃል ወጣች። ኀዘንተኛ የተናገረውን ሰው ይተውለታል፤ ራሱ ኀዘንተኛው ግን እልሁ አያስመልሰውም። ዓመታት አለፉ። ሽማግሌ ገባ፣ ወጣ። ካህን ገባ፣ ወጣ። ጥላዬ «አልጠበቀኝም» ይላል። አስናቀ «ጠብቄው ነበር፤ ካላመነኝ ምን ላድርገው?» ይላል። ከዚያ ወዲህ «ወንድምጋሼ» የምትለው ቃል ከአስናቀ አፍ ወጥታ አታውቅም።

አሁን ወደ ዛፉ ልውሰዳችሁ። ከሰፈሩ መሐል አንድ ትልቅ ኒም አለ። ከሥሩ የእንጨት ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ዶሚኖ። «ዶሚኖን ዐውደ ምሕረት ላይ ምን አመጣው?» ያላችሁ እንዳላችሁ ፊታችሁን አይቼ አውቄያለሁ። ታገሡኝ፤ ቁማር ላስተምራችሁ አልቆምኩም። እዚያ ዛፍ ሥር ሳንቲም አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው ስም ነው።

ጨዋታው ሁለት ለሁለት ነው። ጓደኛህ ከጎንህ አይቀመጥም፤ ፊት ለፊትህ ነው የሚቀመጠው። ሁሉም በሁለት ፊቱ ቁጥር ያለበትን ድንጋዩን ይይዝና ቁጥርን ከቁጥር እየገጠመ በተራው ይጥላል። የሚገጥም የሌለው ጠረጴዛውን በጣቱ አንኳኩቶ ያልፋል። ከጥንዱ አንዱ እጁን ቀድሞ ከጨረሰ ሁለቱም አሸነፉ ማለት ነው። ማንም የሚገጥም ካጣ ግን ጨዋታው ተዘጋ ይባላል፤ እጁ ላይ የቀረው ቁጥር የበዛበት ጥንድ ይሸነፋል። መነጋገር ክልክል ነው። ጥቅሻ ክልክል ነው። ለጓደኛህ የልብህን የምትነግረው በምትጥለው ድንጋይ ብቻ ነው።

የዛፉ አለቃ አባባ ሮባ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሁለት ሕግ አላቸው። አንደኛው፣ በፋሲካ ማግስት ስሙ የተጠራ ጥንድ «አልጫወትም» ማለት አይችልም፤ ካለ ዓመቱን ሙሉ ከኒሙ ጥላ ይወጣል። በድሬዳዋ ፀሐይ ከጥላ መባረር ምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ! ሁለተኛው፣ አንዴ የተጣመረ ጥንድ ከሁለቱ አንዱ መጥቶ «አፍርሱልኝ» ካላለ አይፈርስም። ያልፈረሰ ጥንድ ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር አይጫወትም።

ጥላዬና አስናቀ ጥንድ ነበሩ፤ ያውም አቻ ያልተገኘላቸው። ከተጣሉ ወዲህ ሁለቱም ድንጋይ አልነኩም። ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ይመጣሉ። አንዱ ከዛፉ ወዲህ፣ አንዱ ከዛፉ ወዲያ ቆመው የሰው ጨዋታ ያያሉ። ሰፈርተኛው «ምን ዓይነት ሞኞች ናቸው! አፍርሰው ሌላ አይዙም?» እያለ ይስቅባቸዋል።

ትርንጎ ግን አልሳቀችም። አንድ ቀን አባባ ሮባ ዘንድ ሄደች።

«አባባ፣ አባቴ ጥንዱን አፍርሱልኝ ብሎዎት ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«አጎቴስ?»

«እሱም ብሎኝ አያውቅም። ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንግዲያው ወንድም የለኝም ያለው አፉ ብቻ ነዋ!»

አያችሁ? ሽማግሌው ሁሉ የሰማው አፋቸውን ነው። ልጅቷ ግን ያላፈረሱትን አየች። እዚያች ላይ ልቧን አጸናች።

«ዶሚኖ ያስተምሩኝ፤» አለቻቸው።

«አንቺን? ልትዳሪ ጥቂት ቀርቶሽ?»

«በፋሲካ ማግስት እርስዎና እኔ ጥንድ ሆነን አባቴንና አጎቴን ልንጠራ ነው።»

አባባ ሮባ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ልጄ፣ ከዚህ ዛፍ ሥር ሴት ተቀምጣ አታውቅም።»

«ሕጉ ሴት አትቀመጥ ይላል?»

አሰቡ። አገጫቸውን አሹ። «አይልም፤» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያው ወንበር ይሳቡልኝ።»

ዐቢይ ጾም ነበር። ሌላዋ ሙሽራ ጥጥ ስትፈትል፣ እሷ ከኒሙ ሥር ድንጋይ ትደረድራለች። «ወጥ መሥራት ትማራለች ሲባል ዶሚኖ?» እያለ ያልተሳለቀባት የለም። ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትማ ሽንፈት ቁርሷም ምሳዋም ነበር።

አንድ ቀን ድርብ ስድስቱን፣ ያንን ከሁሉ ከባዱን ድንጋይ፣ እስከ መጨረሻው ይዛ ተሸነፈች። አባባ ሮባ ድንጋዩን ከእጇ ወሰዱት። «ይህንን ለምን አቀፍሽው?»

«በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ አጩኼ ልጥለው ብዬ።»

«ከባዱን አቅፎ የተቀመጠ ሰው፣ ጨዋታው ድንገት ሲዘጋ ከነሸክሙ ነው የሚቆጠርበት። ከባድ ነገር ገና መንገድ ሳለ ይጣላል። ሰማሽ? ገና መንገድ ሳለ!»

ሌላ ቀን ደግሞ ተቆጧት። «የራስሽን እጅ ስታዪ ዋልሽ! እጅሽ የት ይሄድብሻል? አንዴ እዪውና ተዪው። ጠረጴዛውን እዪ። ማን ምን ቁጥር ላይ አንኳኳ? ያንኳኳ ሰው እኮ የሌለውን ነገረሽ ማለት ነው። ከሰው አፍ የማይገኝ ነገር ነው፤ ይዘሽ አኑሪው።» አንድ ዓይነት ቁጥር ስትሰበስብም ጣቷን መታ ያደርጓታል፤ «ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዢ፤ አንዱ በር ሲዘጋብሽ የምትወጪበት ሌላ በር ይኑርሽ» ይሏታል።

ከሁሉ በላይ ግን ደጋግመው ያስያዟት አንድ ነገር ነው። «ጓደኛሽ መጀመሪያ የጣለውን ልብ በይ። ሰው ቀድሞ የሚያሳይሽ በደንብ ያለውን ነው። ጓደኛሽ የከፈተውን ቁጥር አትዝጊበት፤ ራስሽ ብትጎጂም አትዝጊበት። አባትሽና አጎትሽ አገር ያስደነቁት በሌላ አይደለም። አስናቀ የመጀመሪያዋን ድንጋይ ሲጥል ለጥላዬ መልእክት መላኩ ነበር፤ ጥላዬም በወንድሙ ቁጥር ላይ ዘግቶ አያውቅም ነበር።»

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ አባባ ሮባ አንድ ነገር ከነከናቸው። «ብናሸንፋቸው ምን ልትጠይቂያቸው ነው?»

«ጎን ለጎን እንዲቀመጡልኝና የሁለቱንም ጉልበት እንድስም።»

«ብንሸነፍስ?»

«የጠባቸውን ነገር ዳግመኛ በአፌ ላላነሳ።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለተሸነፉ ቢቀመጡ ገላቸው ነው የሚቀመጠው፤ ሆዳቸው አይቀመጥም።»

«አባባ፣ ያስቡት እስቲ። ተለያይተው ከተጫወቱ እናሸንፋቸዋለን፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ማሸነፍ ከፈለጉ ደግሞ አንዱ የአንዱን ድንጋይ ማየት ግድ ይሆንበታል። በየት በኩል ነው የሚያመልጡኝ?»

«እንዲያ ከሆነ ትንሽ እንልቀቅላቸዋ!»

«አንዲትም ድንጋይ አንለቅላቸውም! ከለቀቅንላቸው ያውቁብናል። እርስ በርስ እስኪፈላለጉ ድረስ ነው የምናጨንቃቸው።»

አባባ ሮባ ሳቃቸው መጣ። «ይቺ ልጅ ባቡር ናት፤ ያውም ፍሬን የሌላት!»

ፋሲካ ገባ፤ ማግስቱም ደረሰ። ሰፈሩ በሙሉ ከኒሙ ሥር ተሰብስቧል። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና የሁለቱን ስም ጠራች። ጥላዬን ከነአባቱ ስም፣ አስናቀን ከነአባቱ ስም። የአባታቸው ስም አንድ መሆኑን ሕዝቡ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው የጠራችው።

ጥላዬ «አብዳለች!» አለ። አስናቀ መሬት መሬት አየ። ግን ሕግ ሕግ ነው። ውርርዱን በሰው ፊት ሰሙት፣ መጡ፣ ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት። ከዚያች የለቅሶ ድንኳን ወዲህ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም፤ በመካከላቸው ያለው አንዲት ጠረጴዛ ናት። ሁለቱም ዓይናቸውን እጃቸው ውስጥ ባለው ድንጋይ ላይ ቀብረው ቀሩ።

ቀድሞ ሦስት ዙር ያሸነፈ አሸናፊ ነው ተባለ። በመጀመሪያው ዙር አስናቀ ቁጥሩን ከፈተ፤ ጥላዬ ሳያይ ዘጋበት። ደግሞ ከፈተ፤ ደግሞ ዘጋበት። ጥላዬ ለራሱ ይጫወታል፣ አስናቀ ዝም ብሎ ያንኳኳል። ትርንጎ የተማረችውን አንድ በአንድ አወጣች። አባቷ ድርብ ስድስቱን ታቅፎ ሳለ ጨዋታውን ዘጋችው። ሕዝቡ ሳቀ! ሁለተኛውም ዙር እንደዚያው ሆነ፤ ያው ድርብ ስድስት፣ ያው ሳቅ። «ነጂው ጭነት ማራገፍ ረሳ!» አለ አንዱ። ትርንጎ አባቷ ሲዋረድ አየች። ግን አልለቀቀችም። አንድ ዙር ብቻ ነበር የቀራት።

በሦስተኛው ዙር አስናቀ አንኳኳ። ጠረጴዛው ላይ የተከፈተው ቁጥር ሁለት ነው፤ እሱ ሁለት የለውም። ተራው ዞሮ ሲመጣ ደግሞ አንኳኳ። ያን ጊዜ ጥላዬ ቀና አለ። ያየው የወንድሙን ፊት አይደለም፤ ያየው ያንኳኳችውን ጣት ነው። ያንን ሁለት የሚሸፍንለት ድንጋይ በእጁ ነበር፤ ለራሱ ይጠቅመው ስለነበር ይዞት ነበር የቆየው። ጣለው። ለአስናቀ መንገድ ተከፈተ። ያን ዙር አሸነፉ።

አራተኛውንም አሸነፉ። ቃል አልተናገሩም፤ ግን አንዱ ሲከፍት ሌላው አይዘጋም። ሕዝቡ ሳቁን ተወ። አባባ ሮባ ግንባራቸውን ጠረጉ፤ «አሁን ነው የመጡት» አሉ በሆዳቸው። ትርንጎ ደግሞ ጥርሷን ነከሰች። ማሸነፍ ፈልጋለች፣ ከልቧ! ካላሸነፈች አንዱን ጉልበት ሳትስም መውጣቷ ነው፤ ሁለተኛም አፏን ልትከፍት አትችልም።

አምስተኛው ዙር። አስናቀ ድርብ ሦስት ጥሎ ጀመረ።

እየተጫወቱ፣ እየተጫወቱ ድንጋዩ ሊያልቅ ደረሰ። ከድንጋዮቹ ሰልፍ በአንዱ ጫፍ ስድስት፣ በሌላው ጫፍ አንድ ተከፍቷል። አስናቀ እጅ ላይ አንዲት ድንጋይ ቀርታለች። አባባ ሮባ እጅ ላይም አንዲት። ተራው የጥላዬ ነው፤ በእጁ ሁለት አሉ። አንደኛው ያ ጉደኛ ድርብ ስድስት ነው። ሌላው በአንድ ፊቱ ስድስት፣ በሌላው ፊቱ ሦስት ነው።

ልብ አድርጉልኝ! ድርብ ስድስቱን ቢጥል ከሸክሙም ከሳቁም ይገላገላል፤ ሁለት ጊዜ የተሳቀበት እሱን ይዞ ስለቀረ ነው። ሌላውን ቢጥል ግን ሦስትን ይከፍታል፤ ድርብ ስድስቱም እጁ ላይ ይቀራል። ለማን ነው ሦስትን የሚከፍተው? ትርንጎ ሦስት የላትም፤ ቀደም ሲል ሦስት ላይ አንኳኩታለች። ሌሎቹ ሦስቶች ወጥተው አልቀዋል። ከእሱ ድንጋይ ሌላ የቀረችው ሦስት ያለባት ድንጋይ አንዲት ናት። ያቺ ሦስት ወይ በአስናቀ እጅ ናት፣ ወይ በአባባ ሮባ እጅ። በአስናቀ እጅ ከሆነች አሸነፉ። በሮባ እጅ ከሆነች ግን በገዛ እጁ በሩን መክፈቱ ነው።

አስናቀ ከዚያ በፊት በነበረው ተራው አንዲት ድንጋይ አንስቶ ነበር። አሰበ፣ መልሶ አስቀመጣትና ሌላዋን ጣለ። ያችን ያስቀራት ለማን ነው? ሲጀምር ድርብ ሦስት የጣለው የድሮውን መልእክት መላኩ ነው ወይስ እንዲያው ስለደረሰው ነው?

ምእመናን፣ ጥያቄው የዶሚኖ ይመስላል። ግን አይደለም። ያ የድንኳኑ ጥያቄ ነው። ጠብቆኛል ወይስ አልጠበቀኝም?

ጥላዬ ድርብ ስድስቱን አነሣ። ትርንጎ አየችው። በእጇ ስድስት አለ፤ እሱ ድርቡን ከጣለ በስድስቷ መንገዱን ትዘጋበታለች፤ አባባ ሮባም ይጨርሳሉ። አሸነፈች ማለት ነው። እጁ ከጠረጴዛው በላይ ቆመ። ያኔ ጥላዬ ዓይኑን አነሣና በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሙን ፊት አየ። አስናቀም አላቀረቀረም። ምልክት ክልክል ነውና ምንም አላሳየውም፤ ዝም ብሎ ታየለት።

ጥላዬ ድርብ ስድስቱን መለሰ። ሌላዋን ወሰደና ሦስትን ከፈተ። ሳያጮህ፣ ቀስ አድርጎ።

ተራው የትርንጎ ነበር። ሦስት የላትም፤ አንድም የላትም። አንኳኳች።

አስናቀ የቀረችውን ድንጋይ ገለጣት። ሦስት ናት። ከወንድሙ ድንጋይ ጎን ገጠማት።

ዛፉ ሥር ጩኸት ሆነ! ሰው ባርኔጣውን ወረወረ። ትርንጎ ተነሣች። ተሸንፋለች፤ ቃሏን ደግሞ ታውቃለች። «አሸንፋችኋል፤ ከእንግዲህ አላነሳባችሁም፤» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ጥላዬ ግን አልሰማትም። ያችን ድንጋይ ያያል። ጣቱን ሦስቷ ላይ አድርጎ ይዳስሳታል።

«ይቺን ከመቼ ጀምሮ ነው የያዝካት?»

«ከመጀመሪያው።»

«መጣል ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

«ታዲያ ለምን ያዝካት?»

አስናቀ ቀና አለ። «ትመጣለህ ብዬ ነዋ። ጠብቄህ ነበር፣ ወንድምጋሼ።»

ጩኸቱ ቆመ። ጥላዬ የሚናገረው ስለ ዶሚኖ እንዳልሆነ ሁሉም ገባው።

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም። ጥላው እስኪረዝም። እጄን ይዘው እስኪወስዱኝ።»

ያ በድንኳን ሙሉ ሰው ፊት «ወንድም የለኝም» ያለ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አለቀሰ። ታላቅ ነኝ አላለም። ተነሥቶ ጠረጴዛውን ዞረና የወንድሙ አንገት ላይ ወደቀ። «ይቅር በለኝ፤» አለ። «አውቄ ነበር መሰለኝ፤ ማመን ግን አቃተኝ።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አንቺ አላነሳም ብለሽ ቃል ገብተሻል። እኔ ቃል አልገባሁም። አባባ ሮባ! ወንበሬን ወዲህ ያምጡልኝ። ፊት ለፊት መቀመጡ ይብቃን።»

ወንበሩ መጣ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሠርጉ ገና ነበር፤ ትርንጎ ግን ሠርጉን አልጠበቀችም። እዚያው አቧራ ላይ ተንበርክካ የአንዱን ጉልበት ሳመች፣ የሌላውን ጉልበት ሳመች፤ ማንኛው ቀድሞ እንደመረቃት እንኳ እስከ ዛሬ አታውቅም።

እሺ፣ ታሪኩ አለቀ። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ፈገግ ብላችኋል፤ ታሪክ ሲሆን ደስ ይላል። እናንተስ? ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ማነው?

አንተ ባል፣ ሚስትህ ስታንኳኳ ከርማለች። «ይህ የለኝም፣ ይህ ጎደለኝ» ብላ በአፏ አልነገረችህ ይሆናል፤ ዝም ብላ አልፋለች። ምን ላይ እንዳለፈች ታውቃለህ? ወይስ የራስህን እጅ ስታይ ዋልክ? አንቺስ እህቴ፣ እናትሽ በየጊዜው የምትከፍትልሽን ወሬ፣ ያችን አንዲት ወሬ፣ «ኧረ ተይን» ብለሽ ስንቴ ዘጋሽባት?

ያን ከባዱን ነገርስ ለምን አቀፋችሁት? በለቅሶ የተባለውን፣ በሠርግ የተባለውን፣ ሳትጠሩ የቀራችሁበትን ድግስ? በመጨረሻ አጩኻችሁ ልትጥሉት ነው? ጨዋታው የሚዘጋበትን ሰዓት የነገራችሁ አለ? ለእኔ አልነገረኝም። ከባድ ነገር ገና መንገድ ሳለ ይጣላል! ሲዘጋ የሚቆጠረው በያዘው ሰው ላይ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «እኔስ ልክፈት፤ እሱ የለውም እንጂ» ትላላችሁ። «ልቡ የለም፣ አልጠበቀኝም» ትላላችሁ። አይታችሁ ነው? እጁን ገልጣችሁ አይታችኋል? ጥላዬም አላየም ነበር። ሲከፍት ነው ያየው። ሳይከፈት የሚታይ የሰው ልብ እኔ አላውቅም። እግዚአብሔር እንኳ እኛን ሲፈልግ ቀድሞ ከፍቶ ነው የፈለገን፤ እኛ እስክንከፍት ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ ማን ይቆም ነበር?

ይህች ልጅ አንድ ነገር አስተምራችሁ ትሂድ። ሽማግሌ ሲያቅተው እሷ አልታከተችም። ሲስቁባት አላፈረችም። አልለመነችም፤ ተማረች። የምትወዳቸውን ሰዎች እንዲፈላለጉ አድርጋ አስጨነቀቻቸው። ቤተ ሰባችሁ ውስጥ የተጣላ ካለ «አይ፣ የእነሱ ነገር» ብላችሁ አትቀመጡ። ያላፈረሱትን ፈልጉ። ሁለት ሰዎች ቢጣሉም ያላፈረሱት አንድ ነገር አይጠፋም፤ አንዲት ፎቶግራፍ፣ አንዲት የልጅነት ስም፣ አንዲት ተለይታ የምትቀመጥ ወንበር። ከእሷ ጀምሩ።

ብዙ አስረዘምኩባችሁ፤ ፀሐዩም ከበደ። ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤት ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ። ያን ያልተረገጠ ደጅ ታውቁታላችሁ። ድርብ ስድስቱን በልባችሁ አቅፋችሁት ቢሆን እንኳ፣ ሌላዋን ድንጋይ ጣሉ። ሰላምን የሚወድ አምላክ እግራችሁን ያበርታው። ሂዱ፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ።